በሾፌሩ እግር ሥር

የመኪና ዝገት በስቱኮ የሚሸፍን ባቲላሜራ ሳይ ደሜ ይፈላል። ቀዳዳውን በዚያ ጭቃ ይሞላና፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀለም ይቀባና "አዲስ ሆነች" ይላል፤ ክረምት ሲገባ ቀለሙ ያብጣል። እኔ ፋዮ ሚደቅሳ ግን የበሰበሰውን ቆርጬ አውጥቼ በምትኩ አዲስ ላሜራ እበይዳለሁ። ለዚህም ነው ደንበኞቼ ጥቂት፣ ጠበኞቼ ብዙ የሆኑት። አባቴ ያወረሰኝ ጋራዥ ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ሰው ከሰው አይደማመጥም። በዚያ ድምፅ ውስጥ ስሠራ ግማሽ ልቤ እንቅልፍ ላይ፣ ግማሹ መዶሻዬ ላይ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ እንደተያዘ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ መኪናቸውን በገመድ አስጎትተው መጡ። ድሮ ታክሲ የነበረች ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ናት፤ በሮቿ ሁለት ብቻ። አሥራ ስምንት ዓመት በሸራ ተሸፍና ቆማለች፤ መጀመሪያ በድሮው ግቢያቸው፣ ኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከሕንጻቸው ሥር። ከመቆሟ በፊት፣ አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ጭነው ሲሄዱ ፍሬን ሊይዙ ቢረግጡ ወለሉ ተቀደደና እግራቸው አስፋልት ነካ። ሰው አልተጎዳም። እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። "እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ላይ ላዩን እያጠብኩ ወለሏን ሳላይ" ይላሉ፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም። አሁን ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ሳልሞት አንዴ ልንዳት ብለው አመጧት።

በማግሥቱ የሾፌሩን ወንበር ፈትቼ መሬት ላይ ሳስቀምጠው፣ ጋሽ ሀብቴ ተቀመጡበት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ማርሽ ይቀይራል፣ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ በሜክሲኮ አድርገው ወደ ለገሃር፣ ከዚያ ቁልቁል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔም ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ በዝገቱ ቀዳዳዎች የሚገባውን ብርሃን እያየሁ አብሬያቸው የምሄድ ይመስለኝ ጀመር። መንገዱ እርጥብ ነው፣ ትራፊክ የለም፣ ማንም አይቸኩልም። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ብዙም አልሠራሁም።

በሦስተኛው ቀን ወለሉን በሽቦ ብሩሽ ስጠርግ ነገሩ አላምር አለኝ። የመኪና ወለል የሚዝገው ከታች ነው፤ ጎማው በሚረጨው ጭቃና ውሃ። የዚህች ግን ከሥር የተቀባው ጥቁር ሬንጅ እንዳለ አለ። የተበላችው ከላይ ነው፤ ያውም የሾፌሩ እግር በሚያርፍበት ቦታ ብቻ።

የጋሽ ሀብቴ ባለቤት እትዬ ሠርካዲስ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ሲወጡ በየቀኑ ሱፍ ፍትፍት ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ጴንጤ መሆኔን እያወቁ፣ በግድም ቢሆን አስጾምሻለሁ ይሉኛል። ያን ቀን ጋሽ ሀብቴ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወርደዋል። እኔም አፌ አያርፍ፣ እየጎረስኩ ወሬ ጀመርኩ።

"እትዬ፣ ይቺ መኪና በጭቃ አይደለም የዛገችው። እዚህች ቦታ ላይ አንድ ሰው ለዓመታት ውሃ ሲያፈስባት ኖሯል።"

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ነገሩኝ። መኪናዋ የተገዛችው እትዬ ከእናታቸው በወረሱት የወርቅ ሐብል ነው። ጋሽ ሀብቴ ሳያማክሯቸው ሸጠውት ነበር። እትዬ አኮረፉ። ኩርፊያው መኪናዋ እስክትቆም ዘጠኝ ዓመት ዘለቀ፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ከ"እራት ቀርቧል" በቀር ቃል የለም። ግን የሾፌር ሚስት ናቸውና የአደጋ ወሬ በሰሙ ቁጥር ይሰጉላቸዋል። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በልደታ፣ ባላቸው ፊታቸውን ሲታጠቡ ሹልክ ብለው ይወጣሉ። በሾፌሩ እግር በኩል ምንጣፉን ገለጥ አድርገው አንድ ኩባያ ፀበል ያፈስሳሉ፤ መልሰው ይሸፍኑታል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ጨርቅ ውሃውን እንደያዘ እንደሚከርም ከየት ይወቁት?

"እንዲጠብቀው ብዬ ነበር" አሉኝ። "ለካ እንጀራውን የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ይህን ቢሰማ ዓይኔን ማየት አይፈልግም። ልጄ፣ አደራሽን፣ አትንገሪው።"

እኔ በስቱኮ አልሸፍንም ልላቸው ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። ተናደድኩ፣ አዘንኩም። ሽማግሌው ባላጠፉት ጥፋት አሥራ ስምንት ዓመት ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል። ግን ትዳሩ የእኔ አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ አደራውን ተቀበልኩ። እትዬም ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ብቅ አላሉም።

የዛገውን ቆርጬ አወጣሁ። አዲሱን ላሜራ በመዶሻ ቅርፅ አስይዤ በየድኩት፤ በላዩም ቀይ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባሁበት። ያን ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። ጋሽ ሀብቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወለሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ይቅር በይኝ፣ በእኔ ቸልተኝነት ነው አሏት። እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ መዶሻዎቼን መደርደር ጀመርኩ።

እትዬ ሠርካዲስ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቆመዋል።

"እሷን ይቅርታ አትጠይቃት፣ ሀብቴ" አሉ። "እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ተናገሩ፤ ልደታዋን፣ ኩባያውን፣ ምንጣፉን። እስኪጨርሱም አላቆሙም። እኔ ጩኸት ጠበቅሁ። ጋሽ ሀብቴ ግን ሥራቸውንም መኪናዋንም አላነሱም።

"በእነዚያ ዓመታት ከቤት ስወጣ አንድ ቀን እንኳ 'በሰላም ግባ' ብለሽኝ አታውቂም" አሉ። "ብሞትም ግድ የላትም እያልኩ ነበር የምነዳው።"

"ብዬሃለሁ" አሉ እትዬ። "በየወሩ ብዬሃለሁ። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው እንጂ።"

ጋሽ ሀብቴ አለቀሱ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። ከዚያ በሩን ከፈቱ። ቀለሙ አልደረቀም ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጎንበስ ብለው በቀዩ ወለል ላይ ተራምደው የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። እትዬም ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በነጭ ሸራ ጫማቸው ቀለሙን ረግጠው ገቡ። ዘጠኝ ዓመት የነዷት ሰው፣ በኋላ ወንበሯ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ፊት ለፊት፣ ወንበር የሌለውን የሾፌር ቦታ ያያሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህባቸው ነበር። ብሩሼን ቤንዚን ውስጥ ነክሬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ወለሉን ነገ እንደገና እቀባዋለሁ።