የባቢከር ዶ

ባቢከርን የምጠላበት ምክንያት ብዙ ነው። ከጥሩምባው ልጀምር።

እኔ አሶሳ ውስጥ፣ በአንድ የወጣት ማዕከል ፒያኖ አስተምራለሁ። አዎ፣ ፒያኖ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ከሆነ ድርጅት በስጦታ የመጣ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበቱ እያሳበጠው ድምፁ ዝቅ ዝቅ ብሏል፤ ቢሆንም ፒያኖ ነው። እዚያው ግቢ፣ ማንጎው ሥር ደግሞ ባቢከር የሚመራው የዙምባራ ቡድን ይለማመዳል። ዙምባራ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከቀርከሃና ከቅል የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው። አንዱ ጥሩምባ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው ያችኑ አንድ ድምፁን ይዞ ይቆምና ተራው ሲደርስ ይነፋል፤ የሁሉም ሲገጣጠም ዘፈን ይሆናል። ባቢከር የያዘው ትልቁን፣ ከራሱ ቁመት የሚበልጠውን ነው። እኔ ልጆቹን "ጆሯችሁን ክፈቱ" ስል እሱ "ቡው" ይላል። መስኮቱን ብዘጋ ሙቀቱ ይገድለናል፤ ብከፍተው ደግሞ ባቢከር አለ።

ለኃላፊው ከስሼዋለሁ። እሱም ከሶኛል፤ "ሳጥን ይጮሃል፣ ሰው መንፋት አልቻለም" ብሎ። ኃላፊው ሁለታችንንም "ተቻቻሉ" አለን። እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ከምቻቻል ወላጆቼ ወደሰፈሩበት መንደር፣ አምባ ተመልሼ በቆሎ ብኮተኩት ይሻለኛል።

ታዲያ የዚህ የባቢከር ልጅ አንድ ቀን መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ። ዋሊድ ይባላል። የአባቱን ጥሩምባ የሚሸከመው እሱ ነው፤ ሽማግሌው ራመድ ራመድ እያለ ከፊት ይሄዳል፣ ልጁ ያንን ምሰሶ ተሸክሞ ከኋላው ይንገታገታል።

"ቲቸር፣ አንዴ ልንካው?" አለኝ።

"አባትህ ልኮህ ነው አይደል? ልትሰብርልኝ ነው?"

"አባቴ አያውቅም።"

ተቀመጠ። ከእኔ ክፍል በመስኮት ሲሰማው የከረመውን ዜማ፣ ማንም ሳያሳየው፣ ባንድ እጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስንቱን አስተምሬ አንዱ ባጃጅ ነዳ፣ አንዱ ሠርግ ቤት ኪቦርድ ላይ ባንድ ጣት እየነካ ሌላውን ማሽኑ እንዲሠራለት አደረገ፤ እኔ ስለምነው የኖርኩት ጆሮ ለካ ማንጎው ሥር ጥሩምባ ተሸክሞ ቁጭ ብሏል!

በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ካለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈታኝ አሶሳ ድረስ ይመጣል፤ ከክልሉ የሚወሰደው አንድ ልጅ ነው። በእኔ እጅ አልፎ እዚያ የገባ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ዋሊድ ካልገባ ማንም እንደማይገባ አውቄዋለሁ፤ እሱም አውቆታል።

"ቲቸር፣ ከቀረሁ እኮ ይህን ጥሩምባ ተሸክሜ ላረጅ ነው" አለኝ።

"አትቀርም" አልኩት። "እኔ ሳለሁ የት አባትህ ትቀራለህ!"

ኮርድ ላይ ስንደርስ ነው ጉዱ የፈላው። ኮርድ ማለት ሦስት ድምፅ ባንድ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚማሩት የዶን ኮርድ ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። አውራ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ ትንሿ ጣት። "እጅህን እንቁላል እንደያዝክ ክብ አድርግ፤ ክርንህን ልቀቅ፤ ሦስቱም ጣት አብሮ ይውረድ፤ አብሮ!" ወረደ። ሚ እና ሶል ብቻ ተሰማ። አውራ ጣቱ አየር ላይ ቀርታለች።

"ዶዋስ?"

ጣቶቹን ሰበሰበ።

"እንደገና!"

ሚና ሶል። ደግመን፣ ደጋግመን፣ ያው ነው። አውራ ጣቱ ደካማ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ማጠንከሪያ አሠራሁት። እጁን ይዤ ተጫንኩት፤ ከእጄ ሾልኮ ወጣ። ተሳደብኩ። ሽባ አልኩት፣ ሰነፍ አልኩት፤ አንገቱን ብቻ ይደፋል። ያ አንገት መድፋቱ ይበልጥ አነደደኝ።

እስቲ ወደ ፋ ኮርድ እንለፍ አልኩ። ፋ፣ ላ፣ ዶ። አሁን አውራ ጣቱ ደህና ወረደች፤ አየር ላይ የቀረችው ትንሿ ጣት ናት። ላ ማይነር አልኩት፤ ላ፣ ዶ፣ ሚ። የመሃል ጣቱ ቀረች። ያኔ ነው የነቃሁት። የደከመ ጣት የለም። ጣቱ ይለዋወጣል፣ የምትጎድለው ድምፅ ግን ምንጊዜም ያችው ዶ ናት።

የፒያኖውን ክዳን ጓ አድርጌ ዘጋሁት። "ዶ ምን አደረገችህ? ትነግረኛለህ ወይስ ከዚህ ትወጣለህ?"

"የአባቴ ድምፅ ናት" አለኝ።

አልገባኝም። በመስኮት ወደ ማንጎው አሳየኝ፤ በዚያው ቅጽበት ባቢከር "ቡው" አለ። እኔም ክዳኑን መልሼ ከፍቼ ዶን ተጫንኩ። ቁርጥ አንድ! እርጥበቱ የእኔን ፒያኖ ዝቅ ዝቅ አድርጎ፣ አድርጎ፣ ወስዶ ከዚያ ሰውዬ ጥሩምባ ጋር አስማምቶታል። ሌላ ቦታ አጥቶ!

"በእኛ ቡድን በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ አይወሰድም" አለ ዋሊድ። "ሲሞት ነው ልጁ የሚወስደው። ሳይሞት ከወሰደ ቀበረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አባትየው አይነፋም።"

"ዜማ ስትጫወት ትነካት የለም እንዴ?"

"እሱ ማለፍ ነው ቲቸር። በሰው ግቢ ማለፍ ይቻላል። ኮርድ ግን መቀመጥ ነው፤ ይዘሽ ትቆያለሽ።"

ከሬ ተነሥተን ሠራን፣ ዶ የሌለባቸውን ኮርዶች ሁሉ አጥንቶ ጨረሰ፤ ግን ኮርዱን የሚጠራው ፈታኙ ነው፤ ፈታኝ ደግሞ የሚጀምረው ከዶ ነው። ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ማንጎው ሥር ሄድኩ።

"እንደምን ዋሉ አቶ ባቢከር" አልኩ። ለልጁ ስል "እርስዎ" ብዬ ጀመርኩ።

"ደና። አስተማሪ፣ ሳጥን ዛሬ ዝም አለ?"

"የዶን ነገር ዋሊድ ነግሮኛል። ፈተና አለበት። አንድ ጊዜ ይፍቀዱለት።"

ባቢከር ጥሩምባውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንተ ምን አለ? እኔ አልሞተም። ተመልከት፤ ይቆማል፣ ይበላል፣ ይነፋል። እኔ ሲሞት እሱ ይወስዳል።" ባቢከር ለወንዱም ለሴቱም "አንተ" ነው የሚለው። የአፍ መፍቻው የበርታ ቋንቋ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያ ሲለኝ ቅር አይለኝም፤ እሱ ሲለኝ ግን ያመኛል።

"እና እስኪሞቱ ይጠብቅ ነው የሚሉኝ?"

"አንተ ቸኩሏል?" አለ፤ የቡድኑ ሰዎች ሳቁ።

ደሜ ፈላ። "ስማ!" አልኩ፤ እርስዎውን እዚያው ጣልኩት። "ልጅህ እንደሱ ያለ ጆሮ ይዞ አንተን ሲሸከም ይኑር? ይህንን ነው የምትፈልገው? ለአንዲት ድምፅ?"

"አባት የአንተ መጣ፣ መሬት ወሰደ። እኛ እሺ አለ። አሁን አንተ መጣ፣ ልጅ ወሰደ። እሺ። ድምፅ ደሞ?"

"አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ መኪና ላይ ተጭኖ ነው የመጣው፤ በፈቃዱ አይደለም! እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት! የት ሂጂ ነው የምትለኝ?"

"ሂድ አላለም" አለ ባቢከር። "ዶ ተው አለ።"

እያለቀስኩ ተመለስኩ። ከንዴት ነው፤ ሌላ አይደለም።

ፈታኙ መምህር ሰራዊት የሚባል፣ በመሐረብ አንገቱን የሚጠርግ፣ ከአውሮፕላን ከወረደ ጀምሮ ሙቀቱን የሚያማርር ቀጭን ሰው ነው። ዘበኛው ሄዶ የዙምባራውን ሰዎች ዝም አሰኝቷቸዋል። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ባቢከር ዐይኑን ከመስኮቱ አይነቅልም። ፈታኙ ሌሎቹን ልጆች እያዛጋ ሰማቸው። ዋሊድ ዜማውን ሲጀምር ግን መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ጥሩ። በጣም ጥሩ። አሁን የዶን ኮርድ።"

ሚና ሶል።

"ሙሉውን" አለ ፈታኙ።

ሚና ሶል። ሁለቱ ድምፆች ወለል እንደሌለው ቤት ተንጠልጥለው ቀሩ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ በልቤ "አውርዳት፣ አውርዳት" እላለሁ።

"ዶ የታለች?" አለ ፈታኙ፤ ዋሊድ ለሦስተኛ ጊዜ ሚና ሶልን መታ።

ከውጭ "ቡው" አለ።

ኮርዱ ሞላ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ የዶ ኮርድ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ የእግሬ ጣት ድረስ ወረደ። ግን ፈታኙ ዘሎ ተነሣ። "ይህ ምንድን ነው? ውጭ ሰው አስቀምጣችሁ ታስነፋላችሁ? ማጭበርበር ነው! አንድ ዕድል እሰጠዋለሁ፤ ያ ነገር ከጮኸ ፈተናው አበቃ!"

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። "አንተ የልጅህ ጠላት! ወይ አፍህን ዝጋ፣ ወይ ልቀቀው!"

"ጎዶሎ ነው!" ብሎ ጮኸ ባቢከር። ቆሟል። "ጆሮ አልቻለም! እሱ ጎዶሎ ይተው፣ እኔ ይተዋል!"

"ቲቸር፣ ተዪው" አለ ዋሊድ ከኋላዬ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንኳ አላዞረም። "ባባ፣ በቃ!" አለ ጮክ ብሎ፤ እና እጁን አወረደ።

አውራ ጣቱን አየሁ። ወረደች። ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ጥፍሩ እስኪነጣ ተጫናት፤ ያዛት፤ አልለቀቃትም። ውጭ ባቢከር ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር፤ ሳይነፋ አወረደው። ዋሊድ ሽቦው ውስጥ ያለው ድምፅ ተሟጥጦ እስኪጠፋ ድረስ እጁን አላነሣም። ከዚያ ፋን ተጠየቀ፣ መታ። ላ ማይነርን ተጠየቀ፣ መታ። አንዷም ድምፅ አልጎደለችም።

"ይህ ልጅ ይመጣል" አለ መምህር ሰራዊት፤ መሐረቡን አነሣ።

እልልታዬን እዚያው ለቀቅኩት! በሩን በርግጄ ወጣሁ፤ ባቢከር ፊት ቆሜ እልል ልልበት፣ ልጨፍርበት ነው የወጣሁት። ማንጎው ሥር ስደርስ ሰዎቹ ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ እየቀረቡ የባቢከርን እጅ በሁለት እጃቸው እየያዙ "አላህ ያጽናህ" ይሉታል፤ ዞር ብለው ይቀመጣሉ።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?" አልኩ።

"እኔ" አለ ባቢከር።

ዋሊድ ከኋላዬ ወጥቶ ቆመ። አባትየው ጥሩምባውን በሁለት እጁ አንሥቶ ሰጠው፤ ልጁ ተቀበለ። ስንት ዓመት የተሸከመው ዕቃ፣ ዛሬ አያያዙ ጠፋበት።

"እና አሁን ማን ይነፋዋል?" አልኩ።

"እሱ።"

"እሱ እኮ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው!"

"እንግዲያ ማንም።" ባቢከር ወደ እኔ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ምላሴ ላይ መልሱ ተደርድሯል። "ቆይቶ ያዘው" አለኝ። "አልተንቀጠቀጠም። አንተ ጎበዝ አስተማሪ ነው።"

በዚህ ከተማ ስኖር "ጎበዝ አስተማሪ" ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ምነው በሰደበኝ! ምነው በዚያ ጥሩምባ አናቴን ባለኝ! የማለቅስ መስሎት እንዳይደሰት ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ገባሁ።

ዋሊድ ጥሩምባውን ቤታቸው ጣራ ሥር ሰቅሎ አዲስ አበባ ገባ። ቡድኑ ያለ ትልቁ ጥሩምባ አይነፋም፤ ዋናው ወቅቱ በሆነው በመኸሩም አልነፋ። እኔ አሁን መስኮቴን ከፍቼ አስተምራለሁ፤ የሚረብሸኝ የለም። ባቢከር ግን እየመጣ ባዶ እጁን ማንጎው ሥር ይቀመጣል። አዲሶቹ ልጆች የዶን ኮርድ ሲመቱ አንገቱን ቀና ያደርጋል። እንዴት እንደሚያናድደኝ! አንድ ቀን አልቻልኩም።

"ምን አለህ እዚህ?" ብዬ በመስኮት ጮህኩበት። "ልምምድ የለህ፣ ጥሩምባ የለህ፣ ምን ልትሰማ ትመጣለህ?"

"ዝም በል" አለኝ፤ ጣቱን ወደ ፒያኖው ቀስሮ። "ዋሊድ ነው እሱ። ልጆቹ ዶ ሲነካ ዋሊድ ይሰማል።"

መስኮቱን ጓ አድርጌ ዘጋሁበት። ልጆቹ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ክፍሉ ይታፈናል፤ ላብ ባንገቴ ይወርዳል። መስኮቱን መልሼ ከፈትኩና "የዶ ኮርድ፣ እንደገና" አልኳቸው። "ጠንከር አድርጋችሁ። ዶዋ ደህና ትሰማ።"