እትዬ የሺ የሚያቆሙበት ቦታ

ሳሌምና ባሏ ዋቅቶላ አዲሱ ገበያ አካባቢ የተከራዩትን ክፍል ከጎረቤቱ ክፍል የሚለየው ኮምፔንሳቶ ብቻ ነበር። ከወዲያ በኩል እትዬ የሺ ይኖራሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ የሚተዳደሩ፣ ከሰላምታ በላይ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ሳሌም የምትሠራው ፋርማሲ ውስጥ ሲሆን ተራዋ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ዋቅቶላ በማለዳ ወደ ሥራው ሲሄድ እሷ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች የጎረቤቷን ጸሎት ትሰማለች።

መጀመሪያ ላይ ልብ ብላ አታዳምጠውም ነበር። የስፌት መኪናው ከመነሣቱ በፊት የሚመጣ ማጉረምረም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እሷ ያደገችው ጸሎት በኅብረትና ጮክ ተብሎ በሚጸለይበት ቤት ነው። እናቷ ደሳለች ወጥ እያማሰሉ እንኳ ከጌታ ጋር ያወሩ ነበር። ሳሌም ራሷ ግን ካገባች ወዲህ በሳምንቱ መካከል የምትጸልየው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ቀኑን ባርክልኝ» ትላለች፣ በቃ።

አንድ ጠዋት እትዬ የሺ «አባታችን ሆይ» ሲሉ ሳሌምም ሳታስበው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለቻቸው። አብረው ሄዱ፣ ሄዱ፣ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ እትዬ የሺ ዝም አሉ። ሳሌም አስነጥሷቸው ወይም ትን ብሏቸው ይሆናል ብላ ጠበቀች። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ድምፃቸው ተመልሶ መጣ፤ «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» አሉ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው የለም።

በማግስቱ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። እትዬ የሺ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ፤ ያቺኑ ቃል ዘለው አለፉ። በሌላውም ቀን እንደዚያው።

ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ምናልባት ኦርቶዶክሶች እንዲህ ይሆናል የሚሉት ብላ የሥራ ባልደረባዋን ቤዛብሕን ጠየቀቻት። ቤዛብሕ ሳቀችና ጸሎቱን ከዳር እስከ ዳር አለችላት፤ ምንም የጎደለ ነገር የለውም። ዋቅቶላ ደግሞ ማታ ስታጫውተው ደስ አላለውም። የሰው ጸሎት አይደመጥም፣ በሰውና በአምላኩ መካከል ምን አስገባሽ አላት። ልክ ነው አለችና ጠዋት ራሷን በብርድ ልብስ ሸፈነች። ይሁን እንጂ ያቺ ቦታ ስትደርስ ጆሮዋ ከብርድ ልብሱ ስር መጠበቁን አልተወም።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ ሳሌም አላስቻላትም።

«እትዬ የሺ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲጸልዩ ይሰማኛል። አባታችን ሆይ ላይ ለምንድን ነው የሚያቆሙት?»

እትዬ የሺ እጃቸው ላይ የነበረውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣሉና ጠርዙን ማስተካከል ጀመሩ። ሳሌም ተቆጡ ብላ አንገቷን ደፋች።

«መዋሸት አልፈልግም» አሉ በመጨረሻ። «ይቅር ያላልኩት ሰው አለ። ይቅር እንደምል አድርጌ ለእግዚአብሔር እንዴት እነግረዋለሁ? እቆምና እጠብቃለሁ። ቃሉ ከልቤ ከመጣ እለዋለሁ። ካልመጣ ዘልዬ እሄዳለሁ።»

«መዝለል ይቻላል?»

«የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ። ጸሎቱን አትተዪ፣ ውሸትም አትጨምሪበት፤ እዚያ ቦታ ላይ መቆምሽን ግን እንዳትረሺ አሉኝ።»

ከዚያ ሳይጠየቁ የቀረውን ነገሯት። ሰውየው ታናሽ ወንድማቸው ስብሐት ነው። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ይሸጣል። እናታቸው የሚኖሩት እሱ ዘንድ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት እትዬ የሺ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እናታቸው ሞቱ፣ ተቀበሩም። ስብሐት በየቀኑ እየመጣ ሾርባ ሲያጠጣቸው አንድም ቃል አልተነፈሰም። እማዬ ደኅና ናት እያለ ይሄድ ነበር። መርዶው የተነገራቸው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድማቸውን አላነጋገሩትም፣ የእናታቸውንም መቃብር ሄደው አላዩም።

ሳሌም እግዚአብሔር ያጽናዎት አለችና የራሷን ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ግን የገዛ ጸሎቷ ከበዳት። ያቺን ቃል ስንት ዘመን እንደ ዘፈን አዝማች ስትላት ኖራለች፤ ማንን ይቅር እንዳለች ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ አባታችን ሆይ ብላ ስትጀምር ያቺ ቃል ላይ እየቆመች ማሰብ አመጣች። አንዳንዴ ተራዋ ያልፋታል።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ እትዬ የሺ በሯን አንኳኩ። ለዘመድ ልጅ ክርስትና ነጠላ መግዛት ስለፈለጉ ሽሮ ሜዳ አብራቸው ትሄድ እንደሆነ ጠየቋት። ሳሌም ነጠላ መምረጥ አታውቅም፤ ለምን እሷን እንደፈለጉ ግን ገባት። ታክሲ ይዘው ወጡ።

ሱቆቹን ተራ በተራ አዩ። እትዬ የሺ አንዱን ጥለቱ ወፈረ፣ ሌላውን ሳሳ እያሉ ይመልሳሉ። አንዱን ሱቅ ግን ሳይገቡበት ደጋግመው በደጁ አለፉ። ሳሌም ውስጡን ሰረቅ አድርጋ ብታይ ሽበታም ሰው ጋቢ እያጠፉ ነው፤ ግንባራቸው ቁርጥ እትዬ የሺን ነው። እንደገና ሲመለሱ እትዬ የሺ ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙና ገቡ።

አቶ ስብሐት ቀና ሲሉ ጋቢው ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ የሺ ሰላምታም አልሰጡ።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አሉ።

ሰውየው ሰበብ አልፈለጉም። «ፈራሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሐኪሙ ደንግጣ ከወደቀች አትነሣም ብሎኝ ነበር። ሁለታችሁንም የምቀብር መስሎኝ ፈራሁ። ቆይቼ ላስረዳሽ ስመጣ ደግሞ በርሽን ዘጋሽብኝ።»

እትዬ የሺ ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳሌም ይቅርታ የሚባለው ቃል አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ያን ቀን ንገረኝ። ከጠዋቱ ጀምረህ። ምንም እንዳታስቀር።»

አቶ ስብሐት የሱቁን በር ገርበብ አደረጉ። እናታቸው ያን ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ፈልገው ደጅ አውጥተዋቸው እንደነበር፣ ፀጉራቸውን የጎረቤት ሴት እንዳበጠረችላቸው፣ «የሺ መቼ ነው የምትወጣው» ብለው እንደጠየቁ፣ በቀብሩ ሰዓት ዝናብ ጥሎ ቄሶቹ በጃንጥላ ስር ፍትሐቱን እንዳደረሱ ተናገሩ። እትዬ የሺ ያለቅሳሉ፣ መሃል ላይ ያቋርጡና ይጠይቃሉ። የትኛዋ ጎረቤት? እማዬ ምን ለብሳ ነበር? ስሜን ስትጠራ ድምፅዋ እንዴት ነበር? ሳሌም ጥግ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ሦስት ዓመት ሙሉ የሴትዮዋ አፍ ላይ የተቀመጠው ይኸው ጥያቄ መሆኑን አሰበች። መልሱን የያዘው ደግሞ የተኮረፈው ሰው ብቻ ነበር።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ሳሌም ይቅር አሏቸው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «ቁጣዬ ገና ሁሉም አልወጣም። ግን እሱም ያን ጊዜ ብቻውን እንደነበረ አላሰብኩም ነበር።»

በቀጣዩ እሑድ አቶ ስብሐት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ግቢው መጡ። እህትና ወንድም አብረው ወደ መካነ መቃብሩ ሊሄዱ ነው። እትዬ የሺ ጧፍ በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። ሳሌም ከዋቅቶላ ጋር ከቤተ ክርስቲያኗ ገና መመለሷ ነበር፤ በሩ ላይ አገኘቻቸውና አብሬያችሁ ብሄድስ አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ወደ ዋቅቶላ ዞረች። በእነሱ ቤት ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ ጧፍም አይበራም። ዋቅቶላ ትንሽ አሰበና አጠገባቸው መቆም ምን ክፋት አለው፣ ሂጂ አላት።

መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። አቶ ስብሐት ጎንበስ ብለው ነጨት ነጨት አደረጉት፣ እትዬ የሺም አገዟቸው። ሳሌም ጧፎቹን ከነፋስ በነጠላዋ ከለለችላቸው። ሁለቱ በግዕዝና በአማርኛ እያፈራረቁ ይጸልያሉ፤ እሷ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹ አይገባትም። ምን ብዬ ልጸልይ ብላ አሰበች። ስለ ሟቿ የምትለው ስላልነበራት በሕይወት ላሉት ሁለቱ ጸለየች። ከዚያ ደግሞ እህቷ ሲና ትዝ አለቻት፤ ከሳሌም ሠርግ ወዲህ ለምን እንደማትደውልላት አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ከመቃብሮቹ መካከል ወደ መንገዱ ራቅ ብላ ሄደች።