የዳዊ እናት

ዳዊ ከካናዳ ሆኖ «እናቴን ልውሰድ» ብሎ ያመለከተው በወላጅ እናቱ በሠርካዲስ ስም ሳይሆን በታላቅ እህቷ በፀዳለ ስም ነበር። ምን ይፈረድበታል? ልጅ ያልወጣላት ፀዳለ ገና ከአራስ ቤት ወስዳ አሳደገችው፤ አፉን ሲፈታም እሷን «እማዬ»፣ ወላጅ እናቱን «ሠርኬ» አለ።

አሁን የዳዊን የልደት ማስረጃ ለማውጣት ምስክር ተጠየቀ። ፀዳለ «ካንቺ የቀረበ ማን አለኝ?» ብላ እህቷን ይዛት ሄደች።

አሰብ ማዘጋጃ ቤት፣ ቬንትሌተሩ ስር ቆማም ሠርካዲስ ላብ በላብ ሆነች። እውነቱን ብትናገር ልጁ ቀጣፊ ሊባል ነው፤ ብትዋሽ ደግሞ፣ ውሸቱ የቱ እንደሆነ ራሷም ዞረባት።

«የልጁ ምኑ ነዎት?» አላት ጸሐፊው።

ፀዳለን አየቻት። ፀዳለ አቀርቅራለች።

«አክስቱ።»

«ሲወለድ ነበሩ?»

«ነበርኩ» አለች።