የቤት መስመር

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚማረው እሳት ማጥፋት አይምሰላችሁ። መጀመሪያ የሚማረው መጮህ ነው። ጭስ መሐል መንገድ ከጠፋህ፣ ጣራ ከተናደብህ፣ አየርህ ሊያልቅ ከሆነ፣ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭነህ «ድረሱልኝ፣ ድረሱልኝ፣ ድረሱልኝ» ትላለህ። ከዚያ ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህ፣ ምን እንደገጠመህ ትናገራለህ። ይህ ቃል ከወጣ በኋላ መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ ለዚሁ ተብሎ ውጪ የቆመው የነፍስ አድን ቡድንም አንተን ፍለጋ ይገባል። ይኸው ነው። ለመማር አይከብድም። የሚከብደው ቃሉን ማውጣት ነው፤ ሰው ሊሞት ደርሶም ያፍራላ።

ይህን ያስተማረን የጣቢያችን አለቃ ነው። ቅጽል ስሙ «ደንቡ» ይባላል፤ «ደንቡ እንዲህ ይላል» ሳይል ሻይ እንኳ አያዝም ብለን ነው ያወጣንለት። ዓይናችንን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ወፍራም ጓንት አስጠልቆ፣ ሲሚንቶ ላይ እያንፏቀቀ የሬዲዮውን ቁልፍ በዳበሳ እንድናገኝ ያደርገን ነበር። «ቶሎ የጮኸ ይተርፋል፤ አፍሮ የዘገየውን ተሸክመን የምናወጣው እኛ ነን» ይላል። ከሁሉም አብልጦ የሚያሠቃየው ደግሞ እኔን ነው፤ የእህቴ ባል ስለሆነ። ሰው «አማቹን ሰግስጎ አስገባ» እንዳይለው ሌላው አንዴ የሚንፏቀቀውን እኔ ደጋግሜ እንፏቀቃለሁ። አልከፋኝም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ይህቺው ታላቅ እህቴ ናት፤ እሱም እሷን ሲያገባ እኔን ከነደብተሬ ጠቅልሎ ነው የወሰደኝ። ሥራ ቦታ «አለቃ»፣ ቤት «ጋሼ» እለው ነበር፤ በሁለቱም እወደው ነበር።

እንግዲህ ይህ የደንብ ሰው ከደንብ ውጪ ያወጣው አንድ ነገር ነበር። ዋናው የሬዲዮ መስመር ላይ «ድረሱልኝ» ከተባለ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ከዚያ ምርመራ ይመጣል፦ ሰውየውን ማን አስገባው፣ ለምን አስገባው፣ አለቃው ያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? ከእሱ በፊት የነበረው አለቃ ከወንበሩ የተነሳው በዚሁ ነው። ስለዚህ ደንቡ ወንበሩን እንደያዘ አንድ ቀን ምሳ በልተን ስናበቃ በሩን ዘጋና «ገመናችንን አደባባይ አናውጣ» አለን። ለልምምድ የምንጠቀምበት፣ ከጣቢያችን ሰው በቀር ሌላ የማይከፍተው መስመር ነበረን፤ «የቤት መስመር» እንለዋለን። «ችግር የገጠመው ሰው መጀመሪያ ሬዲዮውን ወደ ቤት መስመር ያዙርና ለእኔ ይንገረኝ፤ ወደ ዋናው የማወጣው እኔ ነኝ» አለ። ለዚህም ብሎ ሁለት ሬዲዮ መያዝ ጀመረ፤ የዋናው መስመር በእጁ፣ የቤቱ በወገቡ።

ማናችንም አልተቃወምንም። እንዲያውም ደስ አለን። በዋናው መስመር የጮኸ ሰው ወሬ በየጣቢያው ይዞራል፤ አንዱን ምስኪን አንድ ቀን ስለጮኸ ብቻ «እማዬ ድረሺ» የሚል ስም አውጥተውለት ጡረታ እስኪወጣ በዚያው ሲጠራ ኖሯል። በቤት መስመር ከሆነ ግን ነገሩ ሆድ ይፍጀው ነው። ደግሞም ሠርቷል። በርሜል የምንለው ወፍራም ጓደኛዬ፣ ሁሌም ከእኔ ጋር የሚገባው፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ደረጃው ጠፍቶበት በቤት መስመር ተጣራ፤ ደንቡ ራሱ ገብቶ በቀበቶው እየጎተተ አወጣው። ይህን ካየን በኋላ ማን ይጠራጠራል?

የእኔ ቀን የደረሰው የፍራሽ መጋዘን ሲቃጠል ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። የስፖንጅ ጭስ እንደ ሌላ ጭስ አይደለም፤ ጥቁርና ቅባታም ነው፣ እጅህን ዓይንህ ፊት ብታመጣው አታየውም። ዘበኛው ፎቅ ላይ ተኝቷል ስለተባለ እኔና በርሜል ወጣን። ዘበኛው ኋላ ከሻይ ቤት ተገኘ፤ እግዜር ይስጠው። እኔ ከፊት ግድግዳ እየዳበስኩ፣ በርሜል የውሃውን ቱቦ ይዞ ከኋላዬ ስንሄድ ፍራሽ የተደረደረበት ትልቅ የብረት መደርደሪያ ተንዶ መሐላችን ወደቀ። እሱን እሳቱ ወደ ደረጃው መለሰው። እኔን እግሬን ያዘኝ።

አልደነገጥኩም፤ ስለተማርኩ። በዳበሳ ቁልፉን አገኘሁና እንደተባልኩት ወደ ቤት መስመር አዞርኩ። ሦስቴ ጠራሁ። ማን እንደሆንኩ፣ ፎቅ ላይ በስተጀርባ በኩል እንዳለሁ፣ እግሬ እንደተያዘ ተናገርኩ። መልስ የለም። ደገምኩት። መልስ የለም። ሰምቶኛል፣ አሁን ሰዎቹን እያዘዘ ስለሆነ ነው ያልመለሰልኝ አልኩ ለራሴ። ጋሼ ነዋ። የአየር ሲሊንደሬ ማለቂያው ሲደርስ የሚደወለው ደወል ጮኸ፤ እኔም እንደገና ጠራሁ። በዚያው ሰዓት ሥራውን ሊያይ የመጣው የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ በዋናው መስመር «ሁሉም ሰው ይውጣ» ብሎ ማዘዙን አላወቅኩም። በምን ልወቅ? ሬዲዮዬ ቤቱ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ኋላ ወደ ዋናው መስመር ልመልሰው ስል ጓንቴ በሙቀቱ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፤ ጣቶቼ ቁልፉን መጨበጥ አቃታቸው።

እንዴት እንደወጣሁ አሳጥሬ ልንገራችሁ። እግሬን ከጫማው መዝዤ፣ ጫማውን ለመደርደሪያው ትቼ ተንፏቀቅሁ። የጀርባው ግድግዳ ቆርቆሮ ነበር፤ እስኪቀደድ ረገጥኩት። ከዚያ ወደቅሁ። ዳሌዬ ተሰበረ፣ ግራ እጄ ተቃጠለ፣ ነፍሴ ግን አለች።

ደንቡ ሆስፒታል መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። «ድምፅህ አልደረሰኝም ወንድሜ» አለኝ። «ቢደርሰኝማ ራሴ እገባ አልነበር?» እኔም፣ በፋሻ ተጠቅልዬ ተጋድሜ፣ እሱን አጽናናለሁ። «ጋሼ፣ ቆርቆሮው ነው ድምፁን የበላው፣ በአንተ ምን ይፈረዳል» እላለሁ፤ በመጣ ቁጥር ይህንኑ እደግምለታለሁ። እህቴ ደግሞ በየቀኑ ትመጣለች። በደህናው እጄ ማንኪያ መያዝ እየቻልኩ በግድ እሷ ታጎርሰኛለች፤ ጀርባዬን ታጥበኛለች፤ ትራሴን ታስተካክልልኛለች። ነርሷ እናቴ መስላት «እናትዬ» ትላት ነበር።

መራመድ ስጀምር መርማሪዎቹ ጠሩኝ። ጥፋቴ ሁለት ነው አሉ፦ ውጡ ሲባል አልወጣሁም፣ ችግር ሲገጥመኝ በዋናው መስመር አልተጣራሁም። ጥፋተኛ ከተባልኩ ከእሳት ማጥፊያው መኪና ላይ ወርጄ ዕቃ ቤት እገባለሁ፤ የሌላውን ሰው ቱቦ እያጠብኩ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ሐኪሙ ዳሌህ ይድናል፣ ሥራህን ትሠራለህ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ያለዚያ መኪና ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ሌላ ሥራ አልሠራሁም፣ ሌላ ሥራም አልተመኘሁም። ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ። የቤት መስመር አለን፣ ታዘን ነው አልኩ።

ደንቡን ጠየቁት። ወደ እኔ ዞር አላለም። «የቤት መስመር የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» አለ። «የድረሱልኝ ጥሪ በዋናው መስመር ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያስተማርኳቸውም ይህንኑ ነው።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ሹፌራችንን ጠየቁት። መስመሩ ለልምምድ ብቻ ነው አለ። አሁን የቀረው በርሜል ብቻ ነው። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ያለኝ እሱ ነው። በርሜል ጫማውን እያየ «እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለ። በቀበቶው ተጎትቶ የወጣው ሰውዬ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔን የጣለኝ ግን አንድ ፈረስ አይደለም፣ ጋጣው በሙሉ ነው። ዕቃ ቤት ተመደብኩ። ይግባኝ ማለት ትችላለህ አሉኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ እህቴ ቤቴ መጣች። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ነበር። ለወትሮው ገና ከመግባቷ መስኮት የምትከፍት፣ ብርጭቆ የምታነሳ ሰው ዛሬ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ይግባኝ ልትል ነው አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«በርሜል ለጋሼህ ነግሮታል።»

«በርሜልማ አፉ የሚዘጋው መርማሪ ፊት ብቻ ነው።»

አልሳቀችም። «ተወው፣ የኔ ልጅ። ዕቃ ቤትም እኮ ሥራ ነው። እሳት የለ፣ ጭስ የለ። እኔም አንድ ቀን መርዶህን እሰማለሁ ከማለት አርፋለሁ።»

«እታለም፣ ስሚኝ» አልኳት። «እኔ በእሱ ቂም አልያዝኩም። ድምፄ አልደረሰውም፤ እሺ፣ አልደረሰውም። ሬዲዮ ነው፣ ይበላሻል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የቤት መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ ይበል። ይህን ካለ ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ። በሰማይ በምድር ሌላ የምጠይቀው የለም።»

«እሱም እየተጎዳ እኮ ነው። አንተ አታየው፤ እኔ ነኝ የማየው። ድምፅህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ብድግ ብሎ ይቀመጣል፣ ላብ...»

እዚህ ላይ ቆመች።

«የትኛውን ድምፄን?» አልኩ።

«ሆስፒታል፣ ስታቃስት።»

«እታለም።»

የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው። ውሸት አትችልበትም፤ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

«ዋና ኃላፊው አጠገቡ ቆሞ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ይሄዳል፣ አሁን ይሄዳል ሲል፣ አንተ ወገቡ ላይ ጮህክበት። ሰውየው እንዳይሰማ ብሎ ደንግጦ ድምፁን ቀነሰው። ሊዘጋው አይደለም፤ ለጊዜው ብሎ ነው። ወዲያው ኃላፊው ሁሉም ይውጣ አለ። እሱም ከሌሎቹ ጋር የምትወጣ መሰለው።»

«እግሬ ተይዟል ስል ሰምቷል?»

አዎ ለማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አንቺስ? መቼ ነገረሽ?»

«የዚያኑ ዕለት» አለች። «ካንተ ዘንድ ስንመለስ።»

የዚያኑ ዕለት። እንግዲህ በማግስቱ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ታውቃለች። ጀርባዬን ስታጥበኝ ታውቃለች። «ቆርቆሮው ነው ድምፁን የበላው» እያልኩ ባሏን ሳጽናና አጠገባችን ቆማ፣ ማንኪያውን ይዛ፣ ታውቃለች። እሱ ፈሪ ነው፤ ፈሪ ደግሞ አንዲት ቅጽበት ላይ ይሳሳታል፣ ይህን እንኳ ልረዳው እሞክር ይሆናል። የእሷ ግን የአንዲት ቅጽበት ስህተት አልነበረም። በየጠዋቱ ተነስታ፣ ለብሳ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ እየመጣች ነው ዝም ያለችኝ። ከእሳቱ ይልቅ ይህ ነው ያቃጠለኝ፤ አሁንም ያቃጥለኛል።

«ይግባኝ ሰሚዎቹ ፊት ይህንኑ ትናገሪያለሽ?» አልኳት።

«ምን?»

«አሁን ያልሽኝን። ሌላ ምስክር የለኝም።»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አንጀቴን ሊበላኝ ሲል ያዝኩት።

«አንተ እኮ ወጥተሃል» አለች። «እግዜር ይመስገን፣ አንተ ወጥተሃል። እሱን ግን በዚህ ካስወጡት የሚገባበት የለውም። የልጆቼ አባት ነው።»

«እኔስ ምንሽ ነኝ?»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ተነሳች። ልትሄድ ስትል እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ዳሌዬ ሥር ያለውን ትራስ አስተካከለችልኝ፤ ቦታውን አልሳተችም፣ የሚያመኝን ጎን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «ለማንም አትናገርም፣ እሺ?» አለችኝ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ትለኝ በነበረው ድምፅ። ያን ጊዜ ሁሌም እሺ እላት ነበር። ቆማ ጠበቀችኝ። እኔም አየኋት፤ እሺ ግን አላልኳትም።