በቁሙ የተለቀሰለት

ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ስለፈልፍ ነው የከረምኩት። ለጋሼ ዓለምሰገድ ነዋ! ለማን ሊሆን ነው? ምርጫ ዘጠና ሰባት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ፓርቲያችን አዲስ ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አስቀድሞ የራሱን እጩ ይለይ ተባለ። እኛ ለንደኖች ፊት ሁለት ሰው ቀረበ፤ አቶ ዓለምሰገድና ወይዘሮ አልታየሽ። ከኤድመንተን እስከ ብሪክስተን የማውቀውን ሐበሻ ሁሉ እየደወልኩ "እሑድ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል እንዳትቀሩ፣ ለጋሼ ዓለም ነው" ስል የነበርኩት እኔ እልፍነሽ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ወይዘሮ አልታየሽ፣ እውነት ለመናገር፣ ሰው ታስተኛለች። አፏን ከከፈተች አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ነው። አንድ ጊዜ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍቴን ጨርሼ እየሮጥኩ ብመጣ "ስብሰባው ተጀምሯል፣ እረፍት እስኪሆን ውጪ ጠብቂ" ብላ በር ላይ አስቁማኛለች። በዚያ ዝናብ! ቂሜ አልወጣልኝም ነበር።

ዓለምሰገድ ግን የሁላችንም ሰው፣ የሁላችንም አስተርጓሚ ነው። ካውንስል ብትጠራ እሱ፣ ሐኪም ቤት ብትሄድ እሱ፣ ሰርግ ላይ ማይክ የሚይዘው እሱ። አንቱ ማለቱን ከዚያ እሑድ ወዲህ ትቼዋለሁ፣ ይቅርታም አልጠይቅም። ወንድሜ አምሃ በሱዳን በሊቢያ አድርጎ እዚህ ሲገባ የጥገኝነት ጠበቃው ሶሊሲተሯ ጋ ያስተረጎመለት ዓለምሰገድ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልወሰደም። አምሃ የደረሰበትን የተናገረው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁ እንጂ ለብቻዬ ነግሮኝ አያውቅም። የስደተኛውን ጉዳይ የሚያየው ሆም ኦፊስ አላመነውም። አፒል፣ ይግባኝ ብለን፣ ከእሑዱ በኋላ ባለው ማክሰኞ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ነበር። በእጁ ያለው ያ ታሪክ ብቻ ነው። ካልታመነ ወደ አገር ቤት ይመልሱታል፤ ከተመለሰ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አምሃ ሰው የተሰበሰበበት መሄድ አይወድም፤ "ጋሼ ዓለም ደስ ይላቸዋል" ብዬ እየጎተትኩ ነው ያመጣሁት። ካሜራ ተተክሏል። የእጩዎቹ ንግግር ማታውኑ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል ተባለ።

መጀመሪያ አልታየሽ ተነሳችና ያረቀቀችውን ደንብ ከወረቀት ታነብ ጀመር። ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ዘመን በላይ አይቆይም። ስብሰባ ላይ ተናጋሪ አይቋረጥም። የታሰረ ወይም የተሰደደ ሰው ታሪክ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አደባባይ አይወጣም። ሰው ሁሉ ያስል ጀመር። ከኤድመንተን ያመጣኋት ጓደኛዬ እንግዳወርቅ ጎኔን ጎሸም አድርጋ "ኧረ በናትሽ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትጨርሰው?" አለችኝ። ተሳሳቅን።

ዓለምሰገድ ወረቀት አልያዘም። መነጽሩን አወለቀና ዝም አለ። አዳራሹም አብሮት ዝም አለ። ሲያውቅበት!

"በዚያ የምርጫ ጊዜ አገር ቤት እንደነበርኩ ታውቃላችሁ" ብሎ ጀመረ። "እንዴት እንደወጣሁ ግን እስከ ዛሬ ተናግሬ አላውቅም። ሰው ይታፈስ በነበረበት ሳምንት መርካቶ አንድ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ቤት ተደበቅሁ።"

ልቤ ድንግጥ አለ። አይ፣ ሌላም ሣጥን ሠሪ ይኖራል አልኩ።

"ከዚያ የሚያስወጣ መንገድ ጠፋ። ሣጥን ውስጥ አስተኙኝ፤ ክዳኑ በላዬ በሚስማር ተመታ፤ አይሱዙ ላይ ጫኑኝ። ኬላው ላይ ያሉት ሬሳ መሆኑን እንዲያምኑ ከኋላ የሚያለቅስ ሰው ያስፈልግ ነበር። እናቴን ለመኗት። 'ልጄን በቁሙ አላለቅስለትም፣ ሟርት ነው' አለች። ኋላ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።"

ክው አልኩ። በስመ አብ! ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው እኮ የኔ እናት ናት! ማሚቱ! ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ደግሞ ይኸው አጠገቤ የተቀመጠው ወንድሜ ነው!

"ሰበታ ደርሰን ክዳኑ ሲነሳ" አለ ዓለምሰገድ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ "እናቴ ደኅና መሆኔን በዓይኗ አየች። ግን ማልቀሷን ማቆም አቃታት። እስክትሞት ድረስ አላቆመችም።"

እውነት ነው፣ አላቆመችም። ከለንደን በደወልኩ ቁጥር ስልኩ ላይ ታለቅስ ነበር፤ ምክንያቱን አትነግረኝም። ያወቅሁት ሶሊሲተሯ ቢሮ ነው። አምሃ ሱዳን እያለ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ አልቆመም። ያንን ነው ይሄ ሰውዬ ማይክ ይዞ የራሱ ያደረገው! ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። እንግዳወርቅ ክንዴን ይዛ ታለቅሳለች።

ለሻይ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ያደረጉት?"

"ሰው እንዴት እንዳለቀሰ አላየሽም፣ እልፌ?"

"የአምሃን እኮ ነው የተናገሩት! እናታችንን!"

"ቀስ በይ። ይሄ የሁላችንም ታሪክ ነው። አምሃ ቢናገረው ማን ይሰማዋል? ሁለት ቃል አያገናኝም፣ አንቺም ታውቂያለሽ።"

"ማክሰኞ ዳኛ ፊት ይቀርባል! ቪዲዮው ዛሬ ማታ ሲወጣ፣ ከሰው የሰማውን ነው የሚያወራው ቢሉትስ?"

ይሄን አላሰበበትም ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ቶሎ ብሎ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው ስሚኝ። ካለፍኩ ነገ ጠዋት በፓርቲው ማኅተም ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። አባላችን ነው፣ ቢመለስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው እላለሁ። እኔው መጥቼ እመሰክርለታለሁ። አልታየሽ ምን ታደርግለታለች? ንዑስ አንቀጽ ታነብለታለች? ዛሬ ብቻ ዝም በይልኝ።"

ሄደ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በጥፊ ማለት ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን ቆሜ መዘንኩ! በአንድ በኩል ሌባ ነው፤ በሌላ በኩል የወንድሜ ወረቀት በእጁ ነው። ለእሱ ድምፄን ልስጥና ዝም ልበል? ለአልታየሽ ብሰጥ አምሃ ምን ያተርፋል? አንድ የረባ መልስ ሳላገኝ ተመልሼ ገባሁ።

አምሃ ከወንበሩ አልተነሳም። ፊቱን አልቦታል።

"እልፌ" አለኝ፣ "ሲናገሩት ያምራል አይደል?"

ሰብሳቢው "ጥያቄ ያለው?" ሲል አምሃ እጁን አወጣ። ኮቱን ይዤ ጎተትኩት፤ አስለቅቆኝ ተነሳ። ሁለት ቃል አያገናኝም የተባለው ወንድሜ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት ቆመ።

"ጋሼ ዓለም" አለ። "እናቴን ይመልሱልኝ።"

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ከኋላ አንዱ "ሰርጎ ገብ!" ብሎ ጮኸ። ጉድ እኮ ነው! "አስወጡት! ማነው የላከው?" ወንበር ተንጓጓ። ስልክ ደውዬ የሰበሰብኳቸው ሰዎች ናቸው፣ ቤቴ የበሉ የጠጡ! አልታየሽ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ተናጋሪ አይቋረጥም! ልጁ ይጨርስ!" አለች። ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ወደ ቦታው ተመለሰ። አምሃ ግን ጨርሷል፤ ሌላ የሚለው የለውም።

ያኔ ዓለምሰገድ ተነሳ። አሁንስ ያፍራል፣ አንድ የእውነት ቃል ይተነፍሳል ብዬ ጠበቅሁ። በዚያ በለስላሳ ድምፁ "ወገኖቼ፣ ወንድማችንን አትቆጡት" አለ። "ታሟል። ሐኪም ጋ ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። የሰማውን ሁሉ በሱ የደረሰ ይመስለዋል። እንጸልይለት።"

እግዚኦ! ሐኪም ጋ የሄደው እንቅልፍ ስላጣ ነው! እሱኑ ነው ያስተረጎመለት! "ውሸታም!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ፣ አዳራሹ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው። እንግዳወርቅ ጆሮዬ ላይ ተደፍታ "ምነው መታመሙን ሳትነግሪኝ? ጠበል እንወስደው ነበር" አለችኝ። እሷን እንኳ ምን እላታለሁ፣ ከልቧ ነው ያዘነችው።

እጅ በማውጣት ይሁን ተባለ። ለዓለምሰገድ ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ለአልታየሽ ሲባል እጄን አወጣሁ፤ ያመጣኋቸው ሰዎች ሁሉ ዞረው እያዩኝ። ዓለምሰገድም አየኝ። ደብዳቤው ያኔ እንደቀረ አወቅሁ። እጄን አላወረድኩትም።

በር ላይ ሰዉ የአምሃን ትከሻ እየነካ "እግዚአብሔር ይማርህ" እያለው ያልፋል። አልታየሽ ቦርሳዋን ጨብጣ መጣች። "ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው?" አለች። ኮሪደሩ ላይ ስጮህ ሰምታኛለች ለካ። "እመጣለሁ። ያየሁትን ለዳኛው እናገራለሁ። ይረዳው እንደሆነ አላውቅም።" የሚያማምር ቃል አልጨመረችም።

በብሪክስተን የሚያልፈውን አውቶቡስ ያዝንና ፎቅ ወጥተን ተቀመጥን። አምሃ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

"እልፌ" አለኝ፣ "እኔ ነበርኩ አይደል?"

"ምን?"

"ሣጥኑ ውስጥ። እኔ ነበርኩ አይደል?"

ከዚያ ሁሉ ጉድ ይሄ ባሰብኝ። ታሪኩን ብቻ አይደለም የወሰደበት፤ ልጁ ራሱን ይጠራጠር ጀመር!

"አንተ ነህ እንጂ ማን ሊሆን ነው!" ብዬ ጮህኩበት። ፊታችን ያሉት ፈረንጆች ዞር አሉ። ይዙሩ! "በል ንገረኝ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ከሣጥን ሠሪው ቤት ጀምረህ። አስተርጓሚ የለም፣ ለኔ ንገረኝ።"

እየተንተባተበ ጀመረ። ሰጋቱራው ፊቱ ላይ እየረገፈ አፍንጫውን ይበላው እንደነበር ነገረኝ። እንዳያስነጥሰው እጅጌውን ነክሶ እንደነበር፣ እሷ ከላይ ስታለቅስ ከታች "አለሁ፣ አለሁ" ማለት አምሮት እንደነበር ነገረኝ። ይሄን ሶሊሲተሯ ጋ አልተናገረም፤ ዓለምሰገድም አያውቀው። ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል። እጁን ይዤ እያለቀስኩ ሰማሁት።

ብሪክስተን ስንደርስ ታሪኩ ገና ኬላው ጋ ነበር። ክዳኑ አልተከፈተም። ከአውቶቡሱ አልወረድንም።