ቡላ ማገዶ ቤት የዋለ ዕለት

ንጋት ካርቶኑን ያስቀመጠችው በአከራይዋ በይርጋነሽ ሳሎን መስኮት ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ነበር። በውስጡ ቡላ የሚባለው ጥንቸሏ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ አሮጌ ፎጣ ላይ ተጋድሟል። ሌላኛው ጥንቸል ዳለቻ በክንዷ ባንጠለጠለችው ቅርጫት ውስጥ ነው፤ መንጋጋው መግል ስለ ቋጠረ የሞጣው የእንስሳት ሐኪም ዳግመኛ ሊያየው ፈልጓል።

ሁለቱም ጥርሳቸውን የተከረከሙት ከሦስት ቀን በፊት ነው። የጥንቸል ጥርስ ማደግ አያቆምም፤ የሚሞርደው ሣር ነው። እነዚህ ግን ዳቦ ለምደው ሣሩን ስለ ተዉት ጥርሳቸው ተጣሞ አድጎ ምላሳቸውን ይወጋ ጀመር። ንጋት ሆስፒታል ሥራ ስትውል ዳቦ እየቆረሰች ያስለመደቻቸው ይርጋነሽ ነበረች። ንጋት ሐኪሙ ያለውን ስትነግራት፣ “አብዝተን አቀማጠልናቸው” ብላ አለፈችው። “አቀማጠልሻቸው” አላለችም።

“በየሦስት ሰዓቱ ነው እትዬ” አለች አሁን፣ መርፌው የወለቀ ሲሪንጅና በውሃ የተለወሰ የሣር ዱቄት የያዘ ብርጭቆ እያሳየቻት። “ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። በአፉ ጎን በኩል፣ ቀስ እያሉ። የስድስቱ ላይ ማስታገሻውን ያስቀድሙ። ጥንቸል እንደ ሰው አይደለም፤ ግማሽ ቀን ጦሙን ከዋለ አንጀቱ ይቆማል። ከቆመ ደግሞ መመለሱ ያስቸግራል።”

“ሂጂ ልጄ፣ መኪናው ያመልጥሻል። አራት ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ።”

“ዛሬ ግን ማኅበር አለብዎት። ሌላ ሰው ልለምን?”

“ማን ይነካልሻል ብለሽ ነው? ሂጂ!”

ንጋት የይርጋነሽን ስልክ ተቀብላ ደወሉን በሦስቱም ሰዓት ሞላችላትና ሄደች።

ይርጋነሽ እሺ ያለችው ከልቧ ነበር። ዓምና ታይፎይድ ሲጥላት፣ ልጆቿ ከአዲስ አበባ እስኪደርሱ ስምንት ቀን ሙሉ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣቻት ይህች ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ግቢውን ከያዘው ዘመድና ማኅበርተኛ ሁሉ፣ አልጋዋን ስታቆሽሽ ይርጋነሽ ያላፈረቻት እሷን ብቻ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ቡላን በጉልበቷ አድርጋ አበላችው። መጀመሪያ ፊቱን አዞረባት። ኋላ አንዱን ጠብታ ቀመሰና ትንሽ አፉን ያንቀሳቅስ ጀመር፤ አረንጓዴው አገጩን አራሰው። ይርጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። “ጎበዝ፣ የኔ ጌታ” አለችው፤ ማንም አለመስማቱን ለማረጋገጥም ዞር አላለችም።

አምስት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ።

“ይርጋዬ! ጠላሽ ደርሷል ወይስ ውሃ ልታጠጪን ነው?”

ፋንታነሽ ናት፤ ከኋላዋ ስርጉት አለች። ሁለቱም ማኅበርተኞቿ ናቸው፤ ሊያግዟት ቀደም ብለው መጡ። የጥቅምት ማርያም ጽዋ ዘንድሮ የእሷ ተራ ነው። ዳቦው ሳሎን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ከካርቶኑ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ። ይርጋነሽ ድንገት በእነሱ ዓይን አየችው፤ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ እርኩስ አውሬ፣ የእመቤታችን ዝክር አጠገብ። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ካርቶኑን አንሥታ በጓሮ በር ወጣችና ማገዶ ቤት ውስጥ ኩበቱ ላይ አስቀመጠችው። በላዩ ጆንያ ጣል አደረገችበት። ከዚያ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥባ ከፈተችላቸው።

ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ፋንታነሽ ወደ ተከራይዋ ወደ ንጋት በር ተመለከተች።

“ያቺ ልጅ ጥንቸሎቿን አልተወችም?”

“አርዳ ጠብሳ በግ ነው ብላ ብትሰጥሽ ምን ታውቂያለሽ!” አለች ስርጉት።

“ኧረ ስም አውጥታላቸዋለች አሉ።”

“ስም! ክርስትናም ታስነሣቸው!”

ሳቁ። ይርጋነሽም ሳቀች፤ እንዲያውም ከእነሱ አስበልጣ።

“አሁን እዚሁ ግቢ ናቸው?” አለች ፋንታነሽ፣ ቢላዋዋን አቁማ።

“የሉም። ሁለቱንም ሞጣ ወስዳቸዋለች።”

“እሰይ! ማርያም ዝክሯን አስከበረች።”

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ይርጋነሽ አጠፋችው።

“ማነው?”

“ማንም አይደለም።”

ማገዶ ቤቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እንጨት ላምጣ ብላ መነሣት ትችል ነበር። ግን ስርጉት የጓሮውን በር ይዛ ተቀምጣለች፤ ሲሪንጁን በምን ደብቃ ታልፋለች? ሽንኩርቱ ሲያልቅ፣ አለች በልቧ። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ወጡ ቀጠለ። ከዚያ ማኅበርተኛው ይገባ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ሲነሣ ቄስ ወልደ ኪዳን ጸሎት ላይ ነበሩ። ነጠላዋ ሥር ዳብሳ ዝም አሰኘችው። ጸሎቱ ሲያልቅ “አሜን” ያለችው ከሁሉም ዘግይታ ነው።

የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሲሪንጁንና ብርጭቆውን ይዛ ወደ ማገዶ ቤቱ ሮጠች።

ቡላ ካርቶኑ ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ጆሮው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ፎጣው ላይ አንድም በጠጥ የለም። ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፤ ንጋት ይህ የሕመም ድምፅ መሆኑን ነግራታለች። ሲሪንጁን ወደ አፉ ብታስጠጋ የሰጠችው ሁሉ በአገጩ ወረደ። መቀነቷን ፈትታ በነጠላዋ ውስጥ ደረቷ ላይ አስገባችው።

ስልኩ ጮኸ።

“እትዬ፣ ዳለቻ ደህና ነው! መግሉን አወጡለት። ዶክተር አምላኩ እዚሁ አጠገቤ ናቸው። መኪና እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። ቡላ በላ?”

“በላ።”

“በጠጥስ ጣለ?”

“ጥሏል።”

“እግዚአብሔር ያክብርልኝ።” ስልኩ ተዘጋ።

ይርጋነሽ ኩበቱ ላይ ተቀመጠች። ስለ በሽታዋ የምታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ንጋት ያኔ ደሟን መርምራ የሆነውን በቶሎ ባትናገር ኖሮ ዛሬ ማኅበር የምትደግስ ሴት አትኖርም ነበር። ሐኪሙ አሁን ከልጅቱ አጠገብ ነው። መኪናው ከተነሣ ግን እስከ ደብረ ወርቅ ኔትወርክ የለም። ደረቷ ላይ ያለው ትንሽ አካል ደግሞ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል።

ስልኩን አንሥታ ደወለች። በዚያው ቅጽበት የማገዶ ቤቱ በር ጨለመ። ፋንታነሽ ድስቷን ረስታ ተመልሳ ኖሯል።

“ይርጋ? ምንድን ነው ያቀፍሽው?”

“እትዬ?” አለች ንጋት በስልኩ።

ይርጋነሽ ፋንታነሽን እያየች ለንጋት መለሰች። “ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። ከሦስት ሰዓት ወዲህ አልበላም። ማስታገሻውንም አልሰጠሁትም። ማኅበርተኛ እንዳያየው ማገዶ ቤት ደበቅሁት። ጆሮው ቀዝቅዟል፤ ሐኪሙን ስጪኝ።”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማ። ከዚያ የወንድ ድምፅ ገባ፤ ረጋ ያለ ነው። በግድ አይጋቱት፣ አላት። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኑ ያድርጉ፤ ማስታገሻውን ይስጡት፤ ሆዱን በጣትዎ በቀስታ ይሹት። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ምግቡን ጠብታ ጠብታ።

“ሁለቱንም ሞጣ ወሰደች አላልሽም?” አለች ፋንታነሽ፣ ስልኩ ሲዘጋ።

“ብያለሁ።”

“በማርያም ቀን?”

“በማርያም ቀን።”

“አውሬ ደብቀሽ ዳቦ አስቆረስሽን! ለአባታችን እነግራቸዋለሁ።”

“ንገሪያቸው። አሁን ግን ከበሩ ዞር በይልኝ፣ ውሃ ላሙቅ።”

ፋንታነሽ ዞር አለች። ድስቷን ይዛ ስትወጣ የግቢውን በር ሳትዘጋ ሄደች፤ መንገድ አላፊው ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል። ይርጋነሽ ልትዘጋው አልተነሣችም። ማስታገሻውን ሰጥታ፣ ጥንቸሉን አቅፋ፣ ጠርሙሱን ከጎኑ አድርጋ፣ በረንዳው ላይ ሆዱን እያሸች ቆየች። ሲመሽ ከአንድ ማንኪያ የማይበልጥ ምግብ ዋጠላት። ቆይቶም ከወትሮው ያነሱ ሦስት በጠጦች ጉልበቷ ላይ ወደቁ። በሕይወቷ እንዲህ ተጨንቃ የቆጠረችው ነገር የለም።

ንጋት አንድ ሰዓት ላይ ገባች። ቅርጫቱን አስቀምጣ ዝም ብላ የቡላን ጆሮ፣ ድዱንና ሆዱን ዳበሰች።

“ተመልሷል” አለች። “ጥፋቱ የኔ ነው። ማኅበር እንዳለብዎት እያወቅሁ ጥዬው ሄድኩ።”

ይርጋነሽ ከዚህ ስድብ በተሻላት ነበር። ሰደበችኝ ብላ ትንሽ ታኮርፍ፣ ትንሽም ይቀልላት ነበር።

“መደበቅዎትስ ይገባኛል” አለች ንጋት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። “ስደውል ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእኔ በላ ያሉኝ ለምንድን ነው?”

ይርጋነሽ ተነሥታ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ ከቡላ ጎን አነሣች።

ንጋት ፎጣ ዘርግታ ቡላን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የሣሩን ዱቄት በአዲስ ውሃ ለወሰችና ሲሪንጁን ሞላች። ይርጋነሽ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች፣ ስጪኝ እንደ ማለት። ንጋት የተዘረጋውን እጅ አየችው።

“ነገ ይሞክራሉ” አለች። “ዛሬ እኔው ልስጠው።”

ይርጋነሽ እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። ሂጂ አልተባለችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ አረንጓዴው ጠብታ በቡላ አፍ ጎን እንዴት እንደሚገባ እያየች ቆመች።