የውኃ ሞተሩ ዋዜማ

የጤና ጣቢያችንን ስም አልነግራችሁም። ከማንኩሳ ወደ ውስጥ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ ይኸው ይብቃችሁ። በዚህ ታሪክ መሳቂያ የሆኑት ሰዎች ሁሉ በሕይወት ስላሉ ይቀየሙኛል። ዋናው መሳቂያ እኔ ነኝ፤ እኔ ግን ከራሴ ጋር ከታረቅሁ ቆይቻለሁ።

ክንዱ እባላለሁ፤ የጤና ጣቢያው የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከጉድጓድ ውኃ የሚስበው ሞተር፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ጥቁር ሮቶ፣ ቧንቧው፣ አሸንዳው፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ ብቻ ነበረኝ፤ ያልተበላሸ ነገር አይነካም። ሲበላሽ ግን ክንዱ አለ። ውኃው ቀጥ ሲል ከወዲያም ከወዲህም «ክንዱ ድረስ!» ይባላል። መፍቻዬን ይዤ እሮጣለሁ፤ ሰው ከብቦኝ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የዚያን ቀን ጠላ የሚጋብዘኝ ቤት ብዙ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ብልሽት እወድ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አዲስ ኃላፊ ተመደበችልን። ሲስተር ሜላት ትባላለች፤ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከልጄ ከመስከረም ብዙም አይበልጥም። ጊዜው በየመሥሪያ ቤቱ ካይዘን የሚባል የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና የገባበት ሰሞን ነው፤ እሷም ከሥልጠናው ትኩስ ትኩሱን ይዛ ነው የመጣች። ገና በመጣችበት ቀን ሮቶውን ቀና ብላ አየችና፣

«ጋሽ ክንዱ፣ ይኼ ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሲቆሽሽ ይታጠባል።»

«መቆሸሹን በምን ያውቃሉ?»

«ሰው ሲያማርር።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ስናደድ ሰውን ሁሉ አንቱ እላለሁ። ባለቤቴን አቻምየለሽን እንኳ አንቱ ካልኋት፣ ምን እንደተሰበረ ነው የምትጠይቀኝ። ያን ቀን ለሲስተር ሜላት፣ «እርስዎ መርፌዎን ይወጉ፤ ሞተሩን ለእኔ ይተዉት» አልኋት።

እሷ እቴ! ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠችና ስለሌላ አገር ሕንጻዎች ታወራልኝ ጀመር። «ወደፊት እኮ ጋሽ ክንዱ፣ ሕንጻው ራሱ ይናገራል። ሮቶው ውኃ ሲጎድልበት ለጠጋኙ በሞባይል መልእክት ይልካል። ሞተሩ ገና ሳይበላሽ፣ ከሳምንት በፊት ልበላሽ ነው ይላል። እኛም አገር ይመጣል።»

«ይምጣ። እስኪመጣ እኔ አለሁ» አልሁ። በሆዴ ግን፣ ዕቃው ሁሉ አፍ ካወጣ ክንዱን ማን ሊጠራው ነው አልሁ።

«ታዲያ እስኪመጣ ድረስ እኛ ራሳችን ቀድመን እንየው» አለች።

«ያልታመመ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ?»

«ሕፃናቱን የምንከትባቸው ታመው ነው?»

የባሰ ተናደድሁ። በላፕቶፗ ያዘጋጀችውን አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በየትኛው ቀን ዘይት እንደሚታይ፣ በየትኛው ሮቶ እንደሚታጠብ፣ በየትኛው ብሎን ጠበቅ እንደሚደረግ በሰንጠረዥ ተጽፎበታል። ከዳር «ውጤት» የሚል ባዶ ቦታ አለው። «ይቺን ቦታ ባዶ እንዳይተዉአት፤ አደራ» አለችኝ። ወረቀቱን ከሞተሩ ጀርባ በምስማር ሰቀልሁት። ከወረቀቱ ሥራ የሠራሁት ያችን ምስማር መምታት ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ውኃው ቆመ፤ ጠገንሁ፤ ተመሰገንሁ። ጥር ላይ እንደገና ቆመ። ያን ጊዜ ግን ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ነበረች፤ ውኃ ከወንዝ በጀሪካን እያመላለስን ነው የተገላገለች። እልል ያለልኝ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ ከተቋረጠ ማዋለጃ ክፍሉ ይዘጋል፤ ወላዶችም ወደ ፍኖተ ሰላም ይላካሉ ይላል።

በማግሥቱ ልጄ መስከረም ለእርግዝና ክትትል መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ይኼ ማዋለጃ ክፍል ሳይከፈት፣ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወስዷት በክረምቱ ጭቃ መንገድ ላይ የመጀመሪያ ልጇን አጥታለች። አሁን የምትወልደው ሐምሌ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባየ፣ ክፍሉ እስከ ሐምሌ ይቆያል?»

«ይቆያል» አልኋት። በምን ተማምኜ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ከዚያ ወደ ሞተሩ ቤት ሄጄ ወረቀቱን ከምስማሩ አወረድሁት። አፈርሁ፤ እንዲያውም አለቀስሁ።

ችግሩ፣ ቁጥር በጭንቅላቴ ውስጥ አያድርም። ወረቀቱ ስድስት፣ አሥራ ሦስት፣ ሃያ አምስት ይላል፤ እኔ ስድስትን ሳስታውስ ስምንት ሆኖ አገኘዋለሁ። እኛ አገር ቀኑን የምናውቀው በታቦቱ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ብልሃት መጣልኝ። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ጻፍሁ፦ ዘይት በሚካኤል፣ ሮቶ በማርያም፣ ብሎንና ቧንቧ በጊዮርጊስ፣ አሸንዳ በመድኃኔዓለም። እነዚህን ቀኖች ሕፃን ልጅ እንኳ አይረሳቸውም! ለሲስተር ሜላት ሳሳያት ወረቀቱን መንካቴ ራሱ አስደስቷት አጨበጨበችልኝ፤ ምን እንደተጻፈ ልብ ያለችው አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ሚካኤል ደረሰ። አስቀድሼ ስመለስ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄድሁና ከነነጠላዬ ሥሩ ተኝቼ የዘይቱን ብሎን መፍታት ጀመርሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው እያየኝ አንድ ሁለት እያለ ይቆም ጀመር። የመስከረም ባል አባት፣ ደረሰ የሚባለው፣ ጎንበስ ብሎ፣

«ክንዱ፣ ምነው? ደህናም አይደለህ?» አለኝ።

«ወረቀቱ ነው!» አልሁ፤ ከተኛሁበት ወረቀቱን አቀበልሁት።

በዚህ መሐል አቻምየለሽ ደርሳ መፍቻውን ከእጄ መነተፈችኝ። «አሥራ አራት ዓመት እጅህን አጣጥፈህ ኖረህ፣ ለሥራ የመረጥኸው ቀን ሚካኤልን ነው?»

ደረሰ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነባል። «ማርያም... ጊዮርጊስ... መድኃኔዓለም... ኧረ ይኼ ሰውየ! በወሩ ውስጥ ሥራ የማይሠራበትን ቀን አንድ በአንድ ለቅሞ አይደለም እንዴ የጻፈው!»

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ የደብራችን የዜማ መምህር፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና፣

«ክንዱ፣ እኛ ለበዓል ማኅሌት ስንዘጋጅ ምን እናስቀድማለን?» አሉኝ።

«ዋዜማውን፣ መሪጌታ።»

«ዋዜማው ሳይቆም የደመቀ በዓል አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላየሁም።»

«እንግዲያውስ መፍቻህም ዋዜማ ይቁም። በበዓሉ ውኃህ ይፍሰስ፤ አንተ ዕረፍ።»

አቻምየለሽ መፍቻውን መለሰችልኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው» አለች፤ እሷ የመጨረሻውን ቃል ለማንም ትታ አታውቅም።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ ይኼን ያመጣው ደረሰ ነው። አሥራ ሁለት ሆነን የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለን። ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ጽዋ ተቀብሎ ተራውን የሳተ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። የዚያን ቀን ማኅበሩ ላይ ደረሰ ተነሥቶ፣ «ጽዋውን ያስረከበ መፍቻውን ይረከብ። የወሩን ዋዜማዎች ከክንዱ ጋር እየመጣ ይይ» አለ። አንድ ዓይን ለምዶ የሚያልፈውን ሌላ ዓይን ያየዋል ማለቱ ነው። መሪጌታም፣ የመፍቻው ርክክብ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ይሁን ብለው ፈቀዱ። ሲስተር ሜላት ይኼን ስትሰማ ሥልጠናዋ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ነገረችኝና በደብተሯ ጻፈችው፤ ሰንጠረዡንም በየዋዜማው አድርጋ እንደገና አዘጋጀችልኝ።

ሥራው ተጀመረ። በማርያም ዋዜማ ከሮቶው ሥር አንድ ጣሳ ሙሉ ደለል አወጣን። በመድኃኔዓለም ዋዜማ ከአሸንዳው ውስጥ የወፍ ቤት አገኘን። በጊዮርጊስ ዋዜማ አንድ ብሎን በጣት ይዞር ነበር። የካቲት አለፈ፤ መጋቢት አለፈ፤ ውኃው አልቆመም። ግንቦት ሲገባ ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። «ክንዱ ድረስ» የሚል ሰው ጠፋ። ጠላውም ጠፋ። አቻምየለሽ፣ ሱሪህ ሰፋህ አለችኝ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ስለ ዝናብ ይጠይቀኛል እንጂ ስለ ሞተር አይጠይቀኝም። ደስም ይለኛል፣ ይከፋኛልም።

ሐምሌ ሃያ፣ የማርያም ዋዜማ። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ይወርዳል። የመፍቻው ተረኛ የመስከረም አማት ደረሰ ነበር። ሮቶውን አጥበን ልንሄድ ስንል፣ ወረቀቱ ላይ ሳይኖር፣ ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ገልበጥ አድርጎ አየ።

«ክንዱ፣ ይኼ ተሰነጣጥቋል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቱን ነው። ግን የቀድሞው ክንዱ ከውስጤ ብቅ አለ። «እየዞረ አይደለም እንዴ? ሳምንት ይቆያል። በዚህ ዝናብ ፍኖተ ሰላም ማን ይሄዳል?»

«ነገ ማርያም ናት።»

«ታዲያሳ? በማርያም ቢበጠስ እኔ አለሁ። እጠግነዋለሁ።»

ደረሰ መፍቻውን በእጁ አገላበጠ። ኋላ ቀስ ብሎ፣ «መስከረም ትናንት ወገቧን አመማት» አለኝ።

ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ። እስከ ማንኩሳ በጭቃ፣ ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄድሁ። ሁለት ሱቅ የለም አሉኝ፤ ሦስተኛው ላይ አገኘሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ስመለስ ደረሰ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አዲሱን አስገባነው። አሮጌውን በእጄ ይዤ ትንሽ ጎተት ሳደርገው ሁለት ቦታ ተበጠሰ። ደረሰ አየኝ፤ አየሁት።

በማግሥቱ፣ በማርያም ቀን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን መስከረም በአለበል ክንድ ተደግፋ መጣች። አለበል የደረሰ ልጅ፣ የእሷ ባል ነው፤ ጃንጥላውን ለእሷ ይዞ እሱ እንደ ሮቶ ይንጠባጠባል። ወደ ክፍሉ አስገቧት። ሞተሩ ይሠራል። እኔ ከውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀመጥሁ። ከግድግዳው ወዲያ ቧንቧ ሲከፈት እሰማለሁ፤ ሲዘጋ እሰማለሁ። እንደገና ይከፈታል። መፍቻዬ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ማንም አልጠራኝም። አንድ ሰዓት ቆየሁ፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ፤ «ክንዱ ድረስ» የሚል የለም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ባለመጠራቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እኩለ ቀን ሲሆን ልጅ አለቀሰ። ከአፍታ በኋላ ሲስተር ሜላት በሩን በክርኗ ከፍታ ወጣች፤ ከእጆቿ ንጹሕ ውኃ ይንጠባጠባል። «ጋሽ ክንዱ፣ ሴት ናት! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ልማዱ ለሴት ሦስት እልልታ ነው። አቻምየለሽ የወንዱን፣ ሰባት አለች፤ ማንም አላረማትም። ደረሰ አቀፈኝ። እኔ ዓይኔን በሸሚዜ እጅጌ እየጠረግሁ ወደ ሞተሩ ቤት ገባሁ።

ወረቀቱ ላይ በሐምሌ ሃያ ትይዩ «የማርያም ዋዜማ፤ ሮቶ» ይላል፤ «ቺንጋ» የሚለውን በዋዜማው እኔ ጨምሬበታለሁ። «ውጤት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እስክርቢቶ አወጣሁና ቀስ ብዬ፣ በትልልቅ ፊደል ሞላሁት፦ «ሴት ልጅ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሁለቱም ደህና።»

ሲስተር ሜላት በወሩ መጨረሻ ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት ልትሠራ ወረቀቱን አነሣች። አነበበችውና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«ጋሽ ክንዱ፣ ይኼ እኮ የውኃ ሞተር ቅጽ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኋት፤ «ባዶ እንዳልተወው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»